በጦርነት ዘመን ቀረጥን ስለ ማቅለልና ኬላን ስለ መቀነስ

ጦርነት በአንድ አገር ላይ በወደቀ ጊዜ መንግሥት በአንድ ቀን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ለሠራዊት ስንቅና ለቍስለኛ መድኃኒት መግዣ የሚሆን ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ በሰላም ጊዜ ያገኘው ከነበረው እህልና ልብስ ብዙ ሳይጐድልበት እንዲኖር ነው። እነዚህም ሁለት ፍላጎቶች በኬላ በር ላይ ይገናኛሉ። ገንዘብን ብቻ አስቦ ቀረጥን የሚያከብድ ሹም ገበያውን ያደርቃል፤ ለገበያው ብቻ አስቦ ቀረጥን ሁሉ የሚተው ሹም ደግሞ ግምጃ ቤቱን ባዶ ያስቀራል። ስለዚህ በጦርነት ዘመን ቀረጥን ማስተዳደር ጦርን ከመምራት የማያንስ ማስተዋል የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ይፋግ ትበቃለች። ይፋግ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የጭነት መኪና በጥቂት ደቂቃ ያልፋታል። በዘመነ መሳፍንት ግን በበጌምድር ካሉት ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከእናርያ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረውና በጎጃም የባሶን ገበያ ያለፈው የሲራራ ነጋዴ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ቡናውንና ዝባዱን ጭኖ ወደ ጎንደርና ወደ ምጥዋ ሲወጣ በይፋግ በኩል ያልፍ ነበር። ከባሕር ዳርቻ ሲመለስም ጨርቁን፣ ዶቃውንና ነፍጡን ይዞ በዚያው ይወርድ ነበር። በአጠገቧ ያለችው ደሪጣም የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። ስለ ይፋግ ገበያና ስለ ወይን ተክሏ በዚያ ዘመን ያለፉ የውጭ አገር ተጓዦች በየመጻሕፍታቸው ጽፈውላታል።

ነገር ግን ይፋግ ገበያ ብቻ አልነበረችም፤ ኬላም ነበረች። የአገሩ ገዢ የኬላውን ገቢ ለነጋድራስ ይሰጣል፤ ነጋድራሱም በየዓመቱ የሚያገባውን ገንዘብ ተዋውሎ፣ ከዚያ በላይ የሰበሰበው ለራሱ ይቀርለታል። ስለዚህ ቀራጩ የሚያስበው ነጋዴው በሚመጣው ዓመት እንዲመለስ ሳይሆን ዛሬ ከእጁ ምን እንደሚገኝ ነበር። ቀረጡ እንደ ሸክሙና እንደ ነጋዴው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ በየጊዜው ክርክር ይነሣል። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሲራራው በኬላው በር ሰፍሮ ይቆያል፤ ሰውየው ስንቁን ይጨርሳል፤ በቅሎዎቹም ይከሳሉ። ከዚያ ኬላ ያለፈው ነጋዴ ደግሞ የሌላ መስፍን ግዛት ሲደርስ ሌላ ኬላ ይጠብቀዋል። መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱም ለወታደሩ ቀለብ ስለሚያስፈልገው፣ በየድንበሩና በየመልካው ኬላ ያቆም ነበር። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው እንኳ ወደ ደቡብ በወረደ መጠን በመንገዱ ድካምና በየኬላው ቀረጥ ምክንያት ዋጋው እየወጣ ይሄድ ነበር። የድኻውን ወጥ የሚያጣፍጠው ጨው የመሳፍንቱን ጦር ወጪ ተሸክሞ ይጓዝ ነበር ማለት ነው።

ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ. ም. በነገሡ ጊዜ ይህን ነገር አስተዋሉ። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ በጻፈው ሪፖርት፣ ንጉሡ በነጋዴ ላይ ይደርስ የነበረውን ብዙ ግፍ አስቀርተው ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን ገልጿል። ይህ ትእዛዝ የወጣው በሰላም ዘመን አልነበረም። ንጉሡ ከትግሬና ከሰሜን ጦርነት ገና መመለሳቸው ነበር፤ የወሎና የሸዋ ዘመቻ ደግሞ በፊታቸው ነበር። ገንዘብ ከማንኛውም ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው በዚያን ሰዓት ነው። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ኬላ ያለው አገር ብዙ ገንዘብ የሚያገኝ መስሎ እንደሚታይ፣ ገንዘቡ ግን በየበሩ ተበትኖ እንደሚቀር ተረድተው ነበር። ሦስት ኬላ ቢሆን ነጋዴው የሚከፍለውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ንጉሡም የሚያገኙትን ያውቃሉ፤ በመካከል የሚበላውም ሰው ይቀንሳል።

የዚሁ ንጉሥ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ ተቃራኒውን ያስተምራሉ። ሽፍታው እየበዛ፣ ግብር የሚያገባው አገር እያነሰ በሄደ ጊዜ ሠራዊታቸው የሚኖረው ከባላገሩ ጐተራና ከነጋዴው ዕቃ በሚወሰድ ነገር ሆነ። በኅዳር ወር 1859 ዓ. ም. የንግድ ከተማ የነበረችው ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በተከታዮቹ ወራት በጌምድር በሙሉ ሸፈተ። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተው ነበር። መድፉን ይዘው በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ግን የሚያበላቸው ባላገር፣ የሚያቀርብላቸውም ነጋዴ አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. በመቅደላ የሆነው ለሁሉ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኬላን ቀንሰው የነጋዴን ልብ ያገኙ ንጉሥ፣ በመጨረሻው ዓመት ነጋዴንም ባላገርንም አጡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በጦርነት ዘመን ከሕዝብ የሚወሰደው ነገር በሕግ ተለክቶ ካልተወሰደ ጦርነቱን የሚደግፈው ምንጭ ራሱ ይደርቃል።

ይህ ነገር ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ በቅርብ ጊዜ በውጭ አገር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ. ም. የሩስያ ጦር ወደ ዩክሬን በገባ ጊዜ የዩክሬን ወደቦች ተዘጉ፤ እህሏም በጐተራ ተከማችቶ ቀረ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 27 ቀን 2014 ዓ. ም. ጀምሮ ከዩክሬን በሚገባ ዕቃ ላይ የቀረውን ቀረጥ ለአንድ ዓመት አነሣ፤ ከዚያም በየዓመቱ እያደሰ እስከ ግንቦት 2017 ዓ. ም. አቆየው። እንግሊዝም እንደዚሁ አደረገች። ከቀረጡ መነሣት ሌላ ወረቀቱም ቀለለ፤ ከመስከረም 21 ቀን 2015 ዓ. ም. ጀምሮ ዩክሬን የጋራ የመተላለፊያ ስምምነት አባል ስለ ሆነች፣ ጭነቱ በየድንበሩ አዲስ ሰነድ ሳይጻፍለት በአንድ ሰነድና በአንድ ዋስትና እስከ መድረሻው መጓዝ ቻለ።

ይሁን እንጂ በዚህ ምሕረት ውስጥም የጥንቃቄ ትምህርት አለ። ዩክሬን ራሷ በመጋቢት 2014 ዓ. ም. መጨረሻ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥን በሙሉ አንሥታ ነበር፤ ግምጃ ቤቷ ስለ ተጐዳና የአገር ውስጥ አምራቾችም ስለ ተቸገሩ ከሦስት ወር በኋላ መልሳ አጸናችው። በጎረቤት አገሮችም ያለ ቀረጥ የገባው እህል የገበሬውን ዋጋ ስለ ሰበረ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ. ም. ፖላንድ፣ ሀንጋሪና ስሎቫኪያ የዩክሬንን እህል እስከ መከልከል ደረሱ። ይህም ቀረጥን ማንሣት በጎ ሥራ ቢሆንም የሚነሣበት ዕቃ፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚጐዳው ሰው ካልታሰበበት ወዳጅን ከወዳጅ እንደሚያጣላ ያሳያል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ደግሞ ከዩክሬን ጋር ሲነጻጸር ሌላ መልክ ነበረው። በጥቅምት 2013 ዓ. ም. በሰሜን በተነሣው ጦርነት ምክንያት፣ ኢትዮጵያ በ1992 ዓ. ም. የወጣው አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ይሰጣት የነበረው ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ. ም. ጀምሮ ተወሰደባት። ለአንዲቱ በጦርነት ላይ ለነበረች አገር ቀረጥ ሲነሣ ለሌላይቱ ተመልሶ ተጫነ። የዚህም ጉዳት የደረሰው ጦርነቱን ባላስነሡት ላይ ነው፤ በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ የሚሰፉ ወጣት ሴቶች ሥራቸውን ያጡት በዚያን ጊዜ ነው። የኮምቦልቻው ፓርክ ደግሞ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ራሱ ደርሶበት ተዘርፏል። የውጭ ሰው በሚዘጋው በር ላይ የኢትዮጵያ ሹም ሥልጣን የለውም። አገር ውስጥ ባለው በር ላይ ግን ሥልጣን አለው፤ ስለዚህ ከእርሱ የሚጠየቀው ይህኛው ነው።

በአገር ውስጥ የተደረገውን መልካም ነገር መርሳት አይገባም። በ2014 ዓ. ም. የኑሮ ውድነት በሕዝቡ ላይ በበረታ ጊዜ መንግሥት ስንዴ፣ የምግብ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝና የሕፃናት ወተት ፍራንኮ ቫሉታ በሚባለው መንገድ፣ ማለት ነጋዴው ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቅ፣ እንዲገቡ ፈቅዷል። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ. ም. በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ይሰጥ የነበረው የማስገቢያና የማስወጫ ፈቃድ አንድ መስኮት በሚባለው የኤሌክትሮኒክ አሠራር እንዲሰበሰብ ተጀምሯል። ነገር ግን በወደብ የተነሣው ቀረጥ በመንገድ ላይ ተመልሶ የሚከፈል ከሆነ ድኻው ያገኘው ጥቅም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ይሆናል።

የይፋግና የአካባቢዋ ጉዳይም ይህ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ. ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ዓ. ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ የጭነት መኪና የሚታገትበት፣ በሕግ ያልተወሰነ ገንዘብ በየመንገዱ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው አንድ ጊዜ መሣሪያ የያዘ ሽፍታ፣ አንድ ጊዜም ሹመቱን መጠቀሚያ ያደረገ ሰው ሊሆን ይችላል። ለሚከፍለው ነጋዴ ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው።

የፎገራን ሩዝ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ሩዝ በፎገራ ሜዳ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ ዛሬ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ብዙ ገበሬዎች የሚኖሩበት እህል ሆኗል። ክረምት ሲገባ ውሃ እየተኛበት ይቸገሩበት የነበረው ሜዳ በሩዝ ምክንያት የገንዘብ ምንጭ ሆነ፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ይሆናል። አንድ ነጋዴ ከወረታ 100 ኩንታል ሩዝ ጭኖ ቢነሣና በመንገዱ በ5 ቦታ 2,000፣ 2,000 ብር ቢጠየቅ 10,000 ብር ይከፍላል፤ ይህም በያንዳንዱ ኩንታል ላይ 100 ብር ነው። ይህን 100 ብር ነጋዴው ከኪሱ አይከፍለውም። ግማሹን ከገበሬው በርካሽ በመግዛት፣ ግማሹን ለከተማው ሰው በውድ በመሸጥ ያወጣዋል። ከሕንድና ከፓኪስታን መጥቶ ያለ ቀረጥ የገባው ሩዝ ደግሞ በዚያው ገበያ ይጠብቀዋል። እንግዲህ የባሕር ማዶው ሩዝ ቀረጥ ሲነሣለት የፎገራው ሩዝ በየመንገዱ ሲቀረጥ፣ የተደረገው ነገር ለውጭው ገበሬ ማቅለል፣ ለአገሩ ገበሬ ማክበድ ይሆናል። ይህን ያሰበ ሹም የለም፤ ሳይታሰብ ግን ይሆናል።

ሕጉ በዚህ ነገር አይጠራጠርም። በ1987 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 የገቢና የወጪ ዕቃ ቀረጥን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል፤ በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ መምራትንም በአንቀጽ 51 የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን አድርጎታል። ስለዚህ ዞን ወይም ወረዳ ወይም ቀበሌ በመንገድ ላይ ገመድ ዘርግቶ የሚያልፈውን ጭነት የሚቀርጥበት ሥልጣን የለውም። ከዘመነ መሳፍንት ኬላ የዛሬው የሚለየው ሕግ ያለው በመሆኑ ነው። ሕጉ ካልተፈጸመ ግን ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ እርሱንም በቅንነት መመርመር ይገባል። ጊዜው የግጭት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ጥይትና መሣሪያ በእህል ጆንያ ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ስለሚችል፣ መንገዱን ያለ ጠባቂ መተው አይቻልም ይባላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መፈተሽና ማስከፈል ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ፈታሹ ይፈትሽ፤ መሣሪያ ያገኘም እንደ ሆነ ይያዝ፤ ገንዘብ ግን አይቀበል። ገንዘብ የሚቀበል ፈታሽ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚፈልገው ጥይት መሆኑ ይቀርና ብር ይሆናል። የከፈለውም ሳይፈተሽ ያልፋል፤ ያልከፈለው ምንም ባይዝ ይቆማል። እንዲህ ያለው ኬላ ንግዱንም ይገድላል፤ ጥበቃውንም ያፈርሳል። የአገሩን ጸጥታ ለመጠበቅ የቆመ ሰው ከገንዘብ መራቁ ለራሱ ሥራ የሚያስፈልገው ነው።

ግምጃ ቤቱ ይጐድላል የሚለውም ክርክር እንደዚሁ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ደረሰኝ የተቀበሉት ብር ወደ ግምጃ ቤት አይገባም። እንዲያውም ነጋዴው መንገዱን ፈርቶ ጭነቱን ሲቀንስ፣ መደብሩን ሲዘጋና ከተማውን ሲለቅ፣ በሕግ ይከፍል የነበረው ግብር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሕገ ወጡን ኬላ ማንሣት ከመንግሥት ገቢ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ይጨምርለታል እንጂ።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ቀራጮች ሊጠመቁ ወደ መጥምቁ ዮሐንስ በመጡ ጊዜ ሥራቸውን እንዲተዉ እንዳላዘዛቸው፣ ነገር ግን ከተወሰነላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ እንደ ነገራቸው፣ ወታደሮችም በጠየቁት ጊዜ ማንንም እንዳይቀሙና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው እንደ መከራቸው በሉቃስ ወንጌል ተጽፏል። ዘኬዎስም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ መናገሩ የታወቀ ነው። ይህ ትምህርት በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ የሚሰማው ሰው ግን ስለ ጥንት ሰዎች የተነገረ አድርጎ ያልፈዋል። የንስሐ አባት የሆነ ካህን የንስሐ ልጁ በመንገድ ላይ ቆሞ የሚያስከፍል መሆኑን ካወቀ፣ ይህ ኃጢአት እንደ ሌላው ስርቆት መሆኑን ሊነግረው ይገባል። የተወሰደው ከባለጸጋ ነጋዴ ይምሰል እንጂ በመጨረሻ የሚከፍለው ልጇን ሩዝ አብልታ የምታሳድር መበለት ናት። ሹሙ ሕግን ሊያመልጥ ይችል ይሆናል፤ ከንስሐ አባቱ ፊት ግን መድረሱ አይቀርም።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ነገር ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ጥቂትና የታወቀ ይሁን፤ ልኩም በአማርኛ ተጽፎ ነጋዴው ሊያነበው በሚችል ስፍራ ይለጠፍ፤ ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ሳንቲም ሁሉ እንደ ዘረፋ ይቈጠር። ሁለተኛ፣ ግጭት ለጐዳው አገር ቀረጥ ሲነሣ ዕቃውና ጊዜው አስቀድሞ ይነገር። መድኃኒት፣ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ ይቅደሙ፤ እንደ ሩዝ ያለ በአገር ውስጥ የሚመረት እህል ግን ያለ ቀረጥ ሲገባ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወራት ይጠበቅ፤ የፎገራ ገበሬ ያመረተውን ሳይሸጥ የውጭው አይቅደመው። ሦስተኛ፣ የወረዳና የዞን ሹማምንት በግዛታቸው ባለው መንገድ ላይ ለሚሆነው ኃላፊነቱ የራሳቸው መሆኑን ይወቁ። የኬላው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም የሚል ሹም በግዛቱ ሌላ ሹም መኖሩን መመስከሩ ነው።

ሰላም ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ድረስ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ነገር ግን ሰላም እስኪመጣ መጠበቅም አይገባም፤ ነጋዴ የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ሰላምን ከሚያቀርቡት ነገሮች አንዱ ነውና። ገበሬ እህሉን ሸጦ ልጁን የሚያስተምርበት ገንዘብ ካገኘ ልጁ ወደ ጫካ የሚሄድበት ምክንያት አንድ ይቀንሳል። የይፋግ ገበያ በመሳፍንት ዘመን ብዙ ጦር አይቶ የኖረው ነጋዴው ከየአቅጣጫው መምጣቱን ስላልተወ ነው። ዛሬም ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን፣ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ባለው መንገድ ላይ የተሾመ ሁሉ ነጋዴው ነገ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርግ ሥራ ይሥራ።